የሰይድ የገዛ ቁልፍ

ሰው ሁሉ አይቶ የመሰከረለትን ነገር የሚጠረጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ መካነ ሰላም ከተማ፣ የትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ባለሙያ ሰይድ።

«በነፃ የሚታደለውን የፋይል መቆለፊያ፣ የምስጠራ ኮዱን፣ ዓለም ሁሉ አገላብጦ አይቶታል፤ ምኑን ምስጢር ይጠብቃል?» ብሎ፣ የተማሪዎችን ውጤት ራሱ በፈጠረው ምስጠራ ቆለፈው። ከዚያ አከፋፈቱን ረሳው። ተማሪው ሁሉ ያለ ካርድ ቀረ።

ግምገማ ተጠራ። ሰይድ «ሂሴን ውጫለሁ» አለ፤ ውጤቱ አልተከፈተም። ኮምፒዩተሩም ግለ ሂስ እንዲያደርግ ዕድል ተሰጠው፤ ዝም በማለቱ አድርባይ ተባለ።

የወላጆች ተወካይ ሼህ እንድሪስ፣ «ሰይዶ፣ ማን እንዳይከፍተው ነው የቆለፍከው?» አሉ።

«ሌባ።»

«እንግዲያስ ሌባ ይጠራልን!»

ፋይል በመመንተፍ የታወቀ ሌባ ከወረኢሉ ተለምኖ መጣ። ወንበር ሳይቀርብለት ከፈተው። «ለሌላ ጊዜ ያንን ዓለም ያየውን ኮድ ተጠቀሙ፤ እሱ እኔንም አቅቶኛል» ብሎ ሄደ።

ሰይድ ግን አላመነውም። ሌባ ነዋ!