ዶን ፍሮይላንና አረንጓዴዋ ምልክት

ጥያቄ በተነሳበት ሁሉ፣ መልሱ ከተሰጠ በኋላ የሚደርስ አንድ ሰው አለ። ጋራዥ ውስጥ፣ ባንክ ቤት ወረፋ ላይ፣ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አይታችሁታል። ሰዉ ተስማምቶ ሊበተን ሲል እጁን ያወጣል። «ይቅርታ፣ መሠረቱን ግን አላያችሁትም» ይላል። የሚያናድደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ሰው ተወካይ በከተማችን በሞንቴቪዴዎ ከእኔ በር ፊት ለፊት ይኖራሉ። ክቡር ዶን ፍሮይላን ቤንታንኩር፣ ጡረታ የወጡ የሕንፃ ተቆጣጣሪ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ቤት እየገቡ «ይህ ይፍረስ» ሲሉ ኖረዋል። ተቆጣጣሪን የሚያመሰግን የለም፤ በር የከፈተላቸው ሁሉ ፊቱን አጥቁሮ ነው። ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው ኮምፒውተር ገዛችላቸው። እሳቸውም ሰው ስለ ቤቱ ብልሽት የሚጠያየቅበት ድረ ገጽ አገኙ። እዚያ ሰው በገዛ ፈቃዱ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ። ገነት የገቡ መሰላቸው።

ገነቱ ግን ሕግ ነበረው። እዚያ መልስ የሚከበረው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ድምፅ ነው፤ መልሱን የወደደ አላፊ አግዳሚ ሁሉ ይሰጣል። ሌላው አረንጓዴ ምልክት ነው፤ እሱን የሚሰጠው ጠያቂው ብቻ ነው፣ ያውም ለአንድ መልስ። ምልክት ያገኘ መልስ ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። ሌላው የፈለገውን ያህል ድምፅ ቢሰበስብ ከሥሩ ነው።

ዶን ፍሮይላን ድምፅ ሞልቷቸዋል። ምልክት ግን አንድም የላቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ይዘገያሉ። የምታንጠባጥብ ቧንቧ ላላት ሴት የሕንፃውን ዕድሜ፣ የውሃውን ግፊትና የሠራተኛውን ጠባይ ሳያጠኑ አይመልሱም። መልሳቸው ሲደርስ ሴትየዋ ቤቱን ሸጣ ሄዳለች።

«ድምፅ ምን ያደርግልኛል፣ ዊልማር?» ይሉኛል ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻያቸውን በቀሰም እየመጠጡ። «አዳራሽ ሙሉ ሰው እያጨበጨበልህ ሙሽራዋ ሌላ ሰው ስታገባ ማለት እኮ ነው።»

ከሁሉም ያቃጠላቸው የሻጋታው ጉዳይ ነው። «ኔልሲ ከላ ቴሃ» የምትባል ሴት የመኝታ ቤቷ ግድግዳ ጥቁር ሻጋታ እንዳወጣ ገልጻ ምን ይሻለኛል ብላ ጠየቀች። «ፈጣኑ ብሩሽ» የሚባል ሰው ወዲያው መለሰላት፦ «በበረኪና ጥረጊው። ሲደርቅ ነጭ ቀለም ቀቢው።» ምልክቷን ወሰደ።

ዶን ፍሮይላን ከሦስት ዓመት በኋላ ደረሱ። ቀለም ሻጋታን ይሸፍናል እንጂ አያድንም ብለው ጀመሩ። ውሃው በየት እንደሚገባ፣ አሸንዳው እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ልስኑ የት ድረስ እንደሚፈነቀል ከነሥዕሉ ጻፉ። የድረ ገጹ ሕዝብ ተንጋጋ። የእሳቸው ድምፅ መቶዎችን ሲያልፍ የብሩሹ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ዘጠኙ ከላይ፣ መቶዎቹ ከታች።

«ምልክቱን አዛውሪው ብዬ ጻፍኩላት» አሉኝ።

«ምን አለችዎት?»

«ዝም።»

«ይተዋት እንግዲህ፣ ዶን ፍሮይላን።»

«አንተ ሰውዬ፣ ያ ግድግዳ እየበሰበሰ እኮ ነው!»

እሁድ የማቴ ውሃ የያዘ ቴርሞሳቸውን በብብታቸው ሸጉጠው በሬን አንኳኩ። አውቶቡስ ይዘን ላ ቴሃ ሰፈር ሄድን፣ ዳቦ ቤት ጠየቅን። ኔልሲ የሚባሉ ሁለት ናቸው አሉን፤ አንዷ ገዳም ገብታለች።

ሁለተኛዋ በሩን ስትከፍት እጇ ዱቄት በዱቄት ነበር። ዶን ፍሮይላን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ፍሮይላን ቤንታንኩር። የሻጋታው።»

«ውይ! ያ ረጅሙ መልስ?»

«ሙሉው መልስ፣ እመቤቴ።»

«እያረፍኩ ጨርሼዋለሁ።»

«ታዲያ ልክ አይደለም?»

«ኧረ ልክ ነው! ያ ሁሉ ሰው ድምፅ የሰጠበት!»

«ታዲያ ምልክቱ ምን ያደርጋል እዚያ ቀለም ቀቢ ላይ?» ጆሯቸው ሳይቀር ቀላ።

ኔልሲ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ይስሙኝ፣ ዶን። እኔ የጠየቅኩት ሐሙስ ነው። ቅዳሜ አማቴ ከሪቬራ ልትመጣብኝ ነበር። አማቴን አያውቋትም። ያን ግድግዳ ብታይ ልጇን ይዛ ነበር የምትመለሰው። እኔ ግድግዳው ይዳንልኝ አላልኩም፤ እሷ እስክትሄድ ነጭ ይሁንልኝ ነው። ያ ባለ ብሩሹ ልጅ ደረሰልኝ። እርስዎ የመጡት አማቴ ከሞተች በኋላ ነው።»

ዶን ፍሮይላን ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ።

«ጥያቄው ላይ አማት የሚል የለም» አሉ በመጨረሻ።

«አማት በአደባባይ ይጻፋል እንዴ?»

«ሻጋታውስ?»

«ቀለሙን በልቶ ወጣ፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት። ያኔ ነው የእርስዎን ያወጣሁት። ባሌ እየተሳደበ አሸንዳውን ቀየረ፣ እየተሳደበ ልስኑን ፈነቀለ። ይግቡ፣ ይዩት።»

ገባን። ዶን ፍሮይላን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ። ወደ ጥግ ዳሰሱ፣ ጎንበስ ብለው ወደ ወለሉ ዳሰሱ፣ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ይፍረስ የሚሉት ነገር ፈለጉ። አላገኙም።

«ደረቅ ነው» አሉ በቀጭን ድምፅ።

«አዎ ደረቅ ነው። ልጄም ማሳሏን ተወች። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶን።» ወዲያው ደግሞ «ምልክቱ ግን የዚያ ልጅ ነው» አለች።

«እሺ» አሉ።

እሺ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ስንደርስ ግን ዞር አሉ። «የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ሳልፍ አይቼዋለሁ፤ እዚያ ጋ...»

«ይሂዱ፣ ዶን!»

አውቶቡስ ውስጥ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር የተቀመጡት።

በማግስቱ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ከረጅሙ መልሳቸው በላይ አዲስ መስመር ጨምረዋል፦ «ቅዳሜ እንግዳ የሚመጣብዎ ከሆነ ከላይ ያለውን የልጁን መልስ ይጠቀሙ፤ ጥሩ መልስ ነው። እሁድ ወደ እኔ ይመለሱ።»

ድምፅ ልሰጥ ስል ለካ ቀድሞውኑ ሰጥቻለሁ፤ ለአንድ መልስ ሁለት ጊዜ አይፈቀድም። ባለቤቴን በስልኳ ገብታ ድምፅ እንድትሰጣቸው ለመንኳት።

«ምን አድርገውልህ ነው?» አለችኝ።

«ምንም። የእኛ ግድግዳ ደረቅ ነው።»

«እና?»

«እና ተጫኚው።»