አንድ ጊዜ ጨምሮ ማጥበቅ

ሰው ሁሉ አንድ የማያርፍ ነገር አለው። የአንዱ ምላሱ፣ የሌላው እግሩ ነው፤ የእኔ እጄ። ጥፋቱን በከፊል በአባቴ ባላክክ ትቀየሙኛላችሁ? አባቴ አህያ ሲጭን፣ ገመዱን ቋጥሮ ከጨረሰ በኋላ ጉልበቱን ጭነቱ ላይ ተክሎ አንድ ጊዜ ጨምሮ ይስባል። እኛ ደጋዎች እንዲህ ነን፤ የጄሪካን ክዳን ይሁን የበር መቀርቀሪያ፣ ከጠበቀ በኋላ አንዴ ደግመን ካላጠበቅነው ልባችን አያርፍም።

በዚህ እጄ ታዲያ የኤሲ ሠራተኛ ሆንኩ። ያውም ደብረ ታቦር ላይ። ሳቁ ግድ የለም፤ እናቴም ስቃለች። የጉና ነፋስ ጆሮ በሚቆርጥበት ከተማ ቤት የሚያቀዘቅዝ ማሽን ማን ይፈልጋል? ውዬ የማድረው ፍሪጅ ስጠግን ነው። መኖሪያ ቤት ውስጥ የሰቀልኩት ኤሲ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የጋሽ ሞላ።

ጋሽ ሞላ ሠላሳ ዓመት መተማ ሲነግዱ ኖረው፣ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ “ከደብሬ ተለይቼ አልሞትም” ስላሉ በስተርጅና ወደ ደጋ የወጡ ሰው ናቸው። ብርዱ ጉልበታቸውን ያዘው። ልጃቸው፣ ትባረክና፣ ማቀዝቀዝም ማሞቅም የሚችል ኤሲ ላከችላቸው፤ እኔም ሰቀልኩት። ዓመት ያህል ቤታቸውን መተማ አደረገላቸው።

ኅዳር ላይ ማሞቁን ተወ። ጋሽ ሞላም ቁርጡን ተናገሩ፤ ቤቱ እስከ ቅዳሜ ካልሞቀ መተማ ይመለሳሉ፣ ብቻቸውንም ቢሆን። እትዬ ጥሩወርቅ እስከ በር ሸኝተውኝ ክንዴን ያዙ።

“መታወቂያቸውን ደብቄባቸዋለሁ ልጄ። ያለ እሱ ኬላ አያልፉም” አሉኝ ቀስ ብለው። “ግን ስንት ቀን ልደብቅ?”

የአርባ ዓመት ትዳር በእኔ እንግሊዝ ቁልፍ ላይ ተንጠለጠለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እጄ ብቻ ሳይሆን ሁለመናዬ ዕረፍት አጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ውስጥ ጋዝ ይዞራል። መንገዱ ላይ ኤክስፓንሽን ቫልቭ የምትባል አውራ ጣት የምታክል ጠባብ በር አለች፤ ጋዙን እየመጠነች ታሳልፋለች። እሷ ከተደፈነች ቤቱ አይሞቅም። የውጪውን ሳጥን ስከፍት ቱቦው አመዳይ ለብሷል። አመዳዩን የቫልቭ መደፈንም ያመጣዋል፣ የጋዝ ማነስም ያመጣዋል፤ ምልክታቸው አንድ ነው። ማጣራት ነበረብኝ። እኔ ግን ቸኩያለሁ፤ ቫልቯ ሞታለች ብዬ ፈረድኩ። ከባሕር ዳር አዲስ አስመጣሁ፣ ቀየርኩ፣ ጋዝ ሞላሁ። ዓርብ ቤቱ ሞቀ። እትዬ ጥሩወርቅ መርቀውኝ አልጠግብ አሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ማክሰኞ ቤቱ እንደገና ቀዝቅዞ ተጠራሁ።

ስገባ ጋሽ ሞላ ጋቢያቸውን ተከናንበው ትራሱን፣ ሣጥኑን፣ የዳዊታቸውን ቅጠል ሳይቀር እየገለጡ መታወቂያቸውን ይፈልጋሉ። እትዬ ጥሩወርቅም “ምን ዋጠው ይሆን?” እያሉ አብረው ይፈልጋሉ። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። አፈርኩ፤ ፈራሁም።

በዚህ ጊዜ ሳልቸኩል ሳሙና በጥብጬ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ቀባሁ። አዲሷ ቫልቭ ጋ ምንም የለም። የመዳቡ ቱቦ ከውጪው ሳጥን ጋር የሚጋጠምበት ዳዶ ላይ ስደርስ ግን አረፋው ይነፋ ጀመር። ፈታሁት። የመዳቡ አፍ ተሰንጥቋል፤ ጋዙ በዚያ ቀስ በቀስ ሲያልቅ ከርሟል፣ አሁን ደግሞ ስንጥቁ ሰፍቷል። ዳዶውን ማን እንዳሰረው ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ። ማሽኑን የሰቀልኩ ዕለት፣ ከጠበቀ በኋላ ጉልበቴን ግድግዳው ላይ ተክዬ እንግሊዝ ቁልፉን አንድ ጊዜ ጨምሬ የሳብኩት እኔው ነኝ። መዳብ ለስላሳ ነው፣ አይችለውም። ያቺ ምስኪን ቫልቭ ያለ ጥፋቷ ተነቀለች።

“ዕቃው አይረባም” ብል ማን ያውቅብኛል? በሙያችን የተለመደ ነው። የተሰነጠቀውን ቆርጬ ጥዬ፣ የቱቦውን አፍ እንደ አዲስ ሠርቼ፣ ዳዶውን በልኩ አስሬ፣ ጋዝ ሞልቼ እስክጨርስ ድረስ ይህንኑ ሳሰላስል ቆየሁ። ስገባ ሁለቱም ተቀምጠዋል። መዋሸት አልቻልኩም።

“ጥፋቱ የእኔ ነው” አልኩ። “ጋዙ እንዳያመልጥ ብዬ ዳዶውን ከልኩ በላይ አጠበቅሁት። ያመለጠውም ስላጠበቅሁት ነው።”

እትዬ ጥሩወርቅ ትክ ብለው አዩኝ። ስድቤን ስጠብቅ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ከሽሮ ዕቃው አውጥተው መጡ፤ ሽሮውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ባላቸው ጉልበት ላይ አስቀመጡት።

“ይሂዱ” አሉ። “እኔ አልይዝዎትም።”

ጋሽ ሞላ መታወቂያውን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም ሚስታቸውን አዩ። ቤቱ መሞቅ ጀምሮ ነበር።

ይህ ከሆነ ሦስት ወር አለፈ። መታወቂያው ቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ሁሉ በሚያየው ቦታ ተቀምጧል። ጋሽ ሞላ በየሳምንቱ “የፊታችን ቅዳሜ እሄዳለሁ” ይላሉ፤ ቅዳሜ ሲደርስ እግራቸውን ዘርግተው ኤሲው ሥር ይቀመጣሉ። እትዬ ጥሩወርቅም “ስንቅ ልቋጥር?” እያሉ ይነካኳቸዋል።

ማረፍ ያቃተኝ እኔ ነኝ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ዳዶዋን ሳሙና እቀባለሁ። አረፋ የለም። አረፋ ባይኖርም፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ለቅምሻ ያህል ባጠብቃት ምን አለበት እላለሁ። ባለፈው ሳምንት እንግሊዝ ቁልፉን አውጥቼ ጉልበቴን ግድግዳው ላይ ልተክል ስል እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላዬ መጥተው ቁልፉን ከእጄ ወሰዱት።

“ተዋት ልጄ” አሉኝ።

እስከ ዛሬ አልመለሱልኝም። የት እንደደበቁት አልነገሩኝም፤ ትናንት ገዝቼ የመጣሁትን አዲሱን ቁልፍ ሳየው ግን ምነው ሽሮ ሸተተኝ?