በሰው ኬሻ የመረቅሁ ለታ

ዛሬ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ላይ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ «ውሸታም» ትሉኛላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ «ደግ አደረጉህ!» ትላላችሁ።

ሁለተኞቹ ልክ ናችሁ።

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ፖስት ታስታውሳላችሁ አይደል? «ደላላ መዥገር ነው! ከእንግዲህ ነጭ ሽንኩርቴ ከማሳዬ ወደ ድስታችሁ፣ በዳይሬክት!» ያልኩትን።

ሼር ያደረጋችሁ ሁሉ፣ ጥፋቱ የጋራ ነው!

እኛ ዳባት አካባቢ ነጭ ሽንኩርት እናመርታለን። አያ ፈንታ የሚባል ደላላ ደጃችን ድረስ መጥቶ ይወስዳል። እሱ ለጎንደር ጅምላ ነጋዴ ይሰጣል፣ ጅምላው ለቸርቻሪ፣ ቸርቻሪው ለእናንተ። እኔ ቆፍሬ፣ አርሜ፣ ነቅዬ፣ መሀል ላይ ሦስት ሰው ይወፍራል።

ንዴቴ ይኼ ነበር። አሁንም ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

ፖስቱን ለጎረቤቴ ለእታገኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ስለሆነ፣ የጻፍኩትን ለሰው ካላነበብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። እታገኝ ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት። ጣራዋ ያፈሳል፤ ለቆርቆሮ የምትሸጠው ሁለት ኬሻ ሽንኩርት ብቻ ነው።

«አያ ሞላ፣ የእኔንም ውሰድልኝ» አለች። «ከደላላው አስበልጠህ ካመጣህልኝ የቆርቆሮውን የመጀመሪያ ሚስማር አንተ ትመታለህ።»

ደረቴን ነፋሁ። ሁለት ኬሻ የእሷ፣ ሁለት ኬሻ የእኔ፣ ጎህ ሲቀድ አይሱዙ ላይ!

ማራኪን የመረጥኩት ተማሪውም ደሞዝተኛውም ተከራይቶ የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነ ነው። የሚበላ ሕዝብ! ሸራ አነጠፍኩ። ሚዛን የለኝም፣ በመደብ በመደብ ደረደርኩ። መጀመሪያ የፈታሁት የእታገኝን ኬሻ ነው፤ መበለት ትቅደም ብዬ።

ይቺን ልብ በሉልኝ። በኋላ ታሰድበኛለች።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ መነጽር ያደረገ ተማሪ ነው። አንድ ራስ አንስቶ አገላበጠና፣ «አባባ፣ ሁለት ፍንካች ብቻ አይሸጥም?»

ሁለት ፍንካች! በኬሻ ለለመድኩት ሰውዬ!

«ምነው፣ በሽተኛ ልትቀባ ነው?» አልኩት።

«ለፓስታ ነው።»

ፈልቅቄ ሰጠሁት።

ከዚያ የሰፈሩ ሴቶች መጡ። መደብ አነሱ፣ ከፈሉ፣ ግን አይሄዱም። ፌስታላቸውን ከፍተው ይቆማሉ።

«መርቅልኝ እንጂ!»

እኛ ዘንድ ከራሱ ማሳ ያመጣ ሰው ምርቃት አይከለክልም። ነጋዴ ይከልክል። ገበሬ ከከለከለ ግን ለመጪው ዓመት ማሳው ይነፍገዋል ተብለን ነው ያደግነው። ለአያ ፈንታ ስሸጥ በኬሻ አንድ እፍኝ ጨምሬ እመርቃለሁ፣ አለቀ። እዚህ ግን ለእያንዳንዷ መደብ አንድ እፍኝ! እጄ ደግሞ የገበሬ እጅ ነው፣ አካፋ በሉት።

ወሬው በየግቢው ዞረ። «ገበሬ ነው፣ አይከለክልም!»

አንዲት ወይዘሮ ገዛች፣ መረቅሁላት። ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ ተመለሰች፣ መረቅሁላት። ሦስተኛ ጊዜ መጥታ ምንም ሳትገዛ፣ «ቅድም የመረቅህልኝ አነሰብኝ» አላለችኝም መሰላችሁ?

መረቅሁላት! ምን ላድርግ?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእታገኝ ሁለት ኬሻ የቀረው ሸራው ላይ ያለ አንድ መደብ ነው። የእኔ ሁለቱ እንደታሰሩ ቁጭ ብለዋል። ይኼኔ ሰማዩ ተቀደደ። ሸራውን ገፍፌ ሽንኩርቱን አለበስኩት። እኔም ረጠብኩ፣ ሽንኩርቱም ረጠበ።

ጎንደር ከተማ ውስጥ የማውቀው ስልክ የአንድ ሰው ብቻ ነው።

አዎ። የመዥገሩ።

አያ ፈንታ በባጃጅ መጣ። ጃንጥላ ይዞ!

«ምነው ወንድሜ፣ ፖስትህን እኮ አንብቤዋለሁ። ሸጋ አድርገህ ጽፈሃል። ላይክም አድርጌያለሁ» አለኝ።

ጣቱን ኬሻው ውስጥ ሰደደ። «ረጥቧል።»

ደጄ ላይ ከሚሰጠኝ አሳንሶ ሰጠኝ። ቀማኝ እንዳልል ራሴ ነኝ የጠራሁት። ሁለቱን ኬሻ አስጭኖ ሲያበቃ፣ ከኪሱ ፌስታል መዝዞ ከፈተ።

«ምርቃቱስ?»

የቀረችውን መደብ አፈስኩለት። የእታገኝን።

ሲመሻሽ አገሬ ገባሁ። እታገኝ ደጄ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ብሩን ሰጠኋት፣ አየችው፣ አየችኝ።

«የአይሱዙ ወጣ፣ የጫኝና አውራጅ ወጣ፣ ምርቃቱም ትንሽ...» እያልኩ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። ቁርጥ አያ ፈንታን!

«ምርቃቱ ከማን ኬሻ ወጣ?»

በናታችሁ፣ ይኼ ይጠየቃል?

«ከተፈታው።»

«የተፈታው የማን ነበር?»

እርጥብ ጋቢዬን መጭመቅ ጀመርኩ።

«ደላላው ይሻለኝ ነበር!» አለች። «እሱ ሲወስድብኝ ለሆዱ ነው፣ አውቀዋለሁ። አንተ በእኔ ሽንኩርት ለራስህ ማሳ በረከት ገዛህበት!»

መልስ ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ።

ገብቼ ለዘር ካስቀመጥኩት አንዱን ኬሻ ተሸክሜ አወጣሁላት። ነገ ጠዋት ደጇ ድረስ መጥተው ይወስዱላታል። ማን? ማን ይመስላችኋል! እዚያው ፊቴ ቆማ ደወለችለት። የሚስማሩን ነገር ማንም አላነሳም።

ኬሻውን ቤቷ አድርሼ ስወጣ ነጠላዋን ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች።

«መርቅልኝ እንጂ፣ አያ ሞላ!»

ተመልሼ ከዘሬ ሁለት እጅ ሙሉ ዘግኜ አመጣሁላት። ቀኑን ሙሉ ስመርቅ ውዬ ከራሴ ያወጣሁት ይኼን ብቻ ነው።

አሁን አንድ ነገር እርዱኝ። ያ ፖስት እስካሁን ላይክ እየሰበሰበ ነው፤ የአያ ፈንታ ስም ከላይ ተገትሯል። የማታ ትምህርት ላይ መጻፍ አስተምረውኛል፣ ተባረኩ።

የጻፉትን ማጥፋትስ በየትኛው በኩል ነው?