ለምንጯ የተጣለ ዳስ

ድሮ ድሮ፣ አራዊት ስብሰባን ገና ለሰው ሳያስተምሩ፣ በአንድ ጫካ ውስጥ አንዲት ምንጭ ነበረች። እመት እንቁራሪት የምትኖረው እዚያች ምንጭ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ አቆመና ምንጯ ቀጠነች። እመት እንቁራሪት ደግሞ ገና እግር ያላወጡ፣ ከውኃ ከወጡ የማይተርፉ ልጆች ነበሯት። እንቅልፍ አጣች።

የጫካው አለቃ አያ ዝንጀሮ አራዊቱን ጠራ።

«ጫካችንንና ውኃችንን ማንም መጥቶ አይጠብቅልንም። ራሳችን እንመክራለን፤ ራሳችን እናቅዳለን» አለ። እመት እንቁራሪት ከሁሉም ቀድማ አጨበጨበች።

በዚያ ጫካ ታዲያ ያለ ዳስ መሰብሰብ ነውር ነው። የዝንጀሮ ልጆች ከምንጯ አናት ካሉት ዛፎች ለምለም ቅርንጫፍ እየገነጠሉ ዳስ ጣሉ። አያ ከርከሮም ከምንጯ ዳር ቄጤማ ነቅሎ ጎዘጎዘ። ዳሱ ያምር ነበር። በዚያ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ በምንጯ ዙሪያ አንድም ቅጠል እንዳይነካ በሙሉ ድምፅ ወሰኑ።

ውሳኔው መከበሩን ለማየት እንደገና ተሰበሰቡ። የፊተኛው ዳስ ደርቆ ስለነበር አዲስ ተጣለ፤ ቄጤማውም ተቀየረ። እመት እንቁራሪት አላስቻላትም።

«አያ ዝንጀሮ፣ ይኼ ሁሉ ቅጠል ከየት መጣ? ዛፎቹ ከነጥላቸው ቆመው የለም እንዴ? እነሱ ሥር ብንቀመጥስ?»

አዳሜ ሳቀባት።

«ሜዳ ላይ እንደ ዋለ ከብት ዛፍ ሥር እንጋደም?» አለ አያ ከርከሮ።

«የከለከልነው ለግል ጥቅም የሚቆርጠውን ነው፤ ይኼ ለምንጯ ነው» አለ አያ ዝንጀሮ። «ሐሳብሽ ግን ጥሩ ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን።»

በሚቀጥለው ስብሰባ አልታየም፤ እንግዳ መጣ። የጎረቤት ጫካ አራዊት፣ ምንጭ እንዴት እንደሚጠበቅ ሰምተው ልምድ ሊቀስሙ መጡ። ለእንግዳ ደግሞ ትልቅ ዳስ ያስፈልጋል። ከምንጯ አናት የቀረው ቅርንጫፍ ሁሉ ወረደ፤ ከዳሯ የቀረው ቄጤማ ሁሉ ተነቀለ። እመት እንቁራሪት ልጆቿን እየገፋች ወደ መጨረሻዋ እርጥብ ጉድጓድ ስትወስድ ዋለች። ፀሐይዋ ቀደመቻት፤ ጉድጓዷም ደርቃ ልጆቿ ደረቅ ጭቃ ላይ ቀሩ።

አያ ዝንጀሮ ንግግሩን ሳይጨርስ እንግዶቹ ውኃ ጠየቁ። አያ ከርከሮ ቅል ይዞ ሄደ፤ ባዶውን ይዞ ተመለሰ።

«አስቸኳይ ስብሰባ ያስፈልገናል» አለ አያ ዝንጀሮ።

«ይኼ የእንግዳ ዳስ ነው፤ የስብሰባውን በምን እንጥላለን?» አለ አያ ከርከሮ። «አንድ ቅጠል የለም።»

«እና ፀሐይ ላይ ልንሰበሰብ ነው?» አለ አያ ዝንጀሮ።

እመት እንቁራሪት ብቻዋን በዳሱ በር ቆማ ነበር።

«ምን አለበት» አለች። «ልጆቼም ፀሐይ ላይ ናቸው። ሄዳችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።»