ማላይ የማን ዘር ነው?

እኛ ወሎዎች ለእንግዳ ደጎች ነን። ውሃ የጠየቀንን ወተት እናጠጣለን፤ መንገድ ለጠየቀን መደባችንን እንለቃለን። እንግዳው «ልጃችሁን ስጡኝ» ያለ ዕለት ግን ደግነታችን ጋቢውን ደርቦ ይቀመጥና ጥያቄ ይጀምራል። የማን ልጅ ነህ? አያትህስ? የአያትህ አባትስ? ዘር ከልጓም ይስባላ! እናንተም ብትሆኑ ትጠይቃላችሁ፤ አትዋሹኝ።

ሐያት ሲሪንቃ ባለው የእርሻ ምርምር ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የምትሠራ የማሽላ ተመራማሪ ናት። ማሌዥያ ተምራ በተመለሰች በዓመቷ፣ እዚያ አብሯት የተማረ ሐፊዝ የሚባል የአገሩ ተወላጅ፣ ማላይ፣ ሊያገባት ግራና ከተማ አባቷ ቤት ድረስ መጣ። አባቷ ሼህ ይማም ሙክት አርደው ካበሉት በኋላ ሽማግሌ ሰበሰቡ። እኔም ወልድያ ታሪክ ስለማስተምር፣ እንግሊዝኛም ስለምችል ለአስተርጓሚነት ተጠራሁ። ሼሁ የፈሩት አንድ ነገር ነው፤ ያለቻቸው ሴት ልጅ አንዲት ናት፣ ባሕር ማዶ ሄዳ ብትጠፋባቸው ማንን ይጠይቃሉ? ስለዚህ ልጁን ብቻ ሳይሆን ሕዝቡንም ማወቅ ፈለጉ።

«ማላይ የማን ዘር ነው?» አሉኝ።

ተማሪዎቼ ታሪክ ስነግራቸው ስልካቸውን ነው የሚያዩት። እዚህ ግን ጢማቸው የነጣ ሽማግሌዎች አንገታቸውን አስግገው ይጠብቁኛል። ደሜ ሞቀ።

ሐፊዝ ከመላካ ከተማ ጀመረ። አገሩን ያጣ አንድ ልዑል ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ከጥንቸል እምብዛም የማትበልጥ ሚዳቋ አዳኝ ውሻውን በእርግጫ ብላ ወንዝ ስትከተው አየና «እዚህ ሚዳቋዋም ጀግና ናት» ብሎ ከተማውን እዚያው ቆረቆረ ይባላል። ሽማግሌዎቹ ሚዳቋዋን ወደዷት። ወደቡ ደራ፤ ዐረቡ፣ ህንዱ፣ ቻይናው ቅመምና ሐሩን ይዞ መጣ፤ ገዢዎቹም ሰልመው ሱልጣን ተባሉ። ሼህ ይማም «አልሐምዱሊላህ» አሉ። የደራ ገበያ ግን ዓይን ይበዛበታል። ፖርቱጋሎች በመድፍ ነጠቁት፣ ሆላንዶች ፖርቱጋሎችን አስወጡ፣ ከሆላንዶች እንግሊዞች ተረከቡ። እኔ እጄን እያወናጨፍኩ ነው፤ ሐፊዝ አንድ ሲል አምስት እላለሁ።

እንግሊዞች ሱልጣኖቹን ከዙፋን ሳያወርዱ አጠገባቸው አማካሪ አስቀመጡ ስል፣ ሼህ ይማም እጃቸውን አነሡ።

«ምክሩን እምቢ ማለት ይቻል ነበር?»

«ከሃይማኖትና ከባህል በቀር አይቻልም ነበር።»

«እንግዲያ አማካሪ አትበለው፤ ጌታ በለው።»

ስተረጉምለት ሐፊዝ ሳቀና፣ አያቱም እንዲሁ ይሉ እንደነበር ነገረን። ቀጥሎ ጃፓን መጣ፤ ማላዮች የማይሸነፍ የመሰላቸው ጌታ ሲሸሽ በዓይናቸው አዩ። እንግሊዝ ተመልሶ የሱልጣኖቹን ሥልጣን ጠቅልሎ ሊወስድ ሲል ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እምቢ አለ። ኮሚኒስት ሽምቅ ተዋጊዎች ጫካ ውስጥ የከፈቱት ጥይት ሳይበርድ፣ በድርድር ነፃነት መጣ። በዚያ ቀን አያቱ ከሕዝቡ ጋር «መርደካ!» ማለትም «ነፃነት!» እያሉ ሲጮኹ ውለው፣ ድምፃቸው ተዘግቶ እንደሰነበተ ሲነግረን ዓይኑ እንባ አቀረረ። የኔም።

ከዚያ ወዲህ የየግዛቱ ዘጠኝ ሱልጣኖች የአገሪቱን ንግሥና በየአምስት ዓመቱ ተራ በተራ ይቀባበሉታል ስል፣ አንዱ ሽማግሌ ቀና አሉ።

«ሳይጣሉ?»

«ሳይጣሉ።»

 ማንም የሌላውን ዓይን ማየት አልደፈረም።

ሼህ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሕዝቡስ ደግ ሕዝብ ነው፣ ግን ልጄን ያን ሁሉ ባሕር አሻግሬ እንዴት እሰጣለሁ አሉ። ክርክር ተነሣ። አንዱ ትሂድ ይላል፣ አንዱ በየዓመቱ እየመጣች ትጠይቀን ይላል። ይሄኔ በር አጠገብ ቆማ የቆየችው ሐያት ሻሿን አስተካከለች።

«አባባ፣ እኔ የትም አልሄድም። የሚመጣው እሱ ነው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሐፊዝ ዞረ። ተረጎምኩለት። አዎ አለ፤ ሥራውን ለቋል፤ እዚሁ ቅርብ፣ መርሳ ላይ የሚከራይ ቤትም እያፈላለገ ነው። ሼህ ይማም መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፣ ከዚያም ለምርቃት ፋቲሃ ተቀራ።

ወደ ወልድያ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ደስታዬ አላስቀምጥ አለኝ። ሐራ መገንጠያ ጋ ስንደርስ ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። የሐፊዝ አባትም አባት ናቸውና፣ ልጃቸው ስለሚኖርበት አገር ሰው መጠየቃቸው አይቀርም፤ ሕዝቡ እንዴት ያለ ነው? እርስ በርሱስ እንዴት ነው?

መልሱን የሚያስተረጉምላቸውን ሰው አላህ ይርዳው።