ክብርት አልገባኝም

ተማሪ በተሰበሰበበት ክፍል ሁሉ አንድ የማይቀር ፍጡር አለ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን ሲያራግፍ፣ ተማሪው ደብተሩን ሰብስቦ ሲያበቃ፣ የቦርሳ ዚፕ ከዳር እስከ ዳር ሲንሿሿ፣ "ጥያቄ አለ?" የሚባለው ለወጉ ያህል መሆኑን ሰው ሁሉ ሲያውቅ፣ እጁን የሚያወጣ ፍጡር። ምሳ ሰዓት ደርሶ አንጀታችሁ እየጮኸ ያያችሁት ያ የተቀሰረ እጅ እስከ ዛሬ ከዓይናችሁ አልጠፋም ይሆናል።

በዚህኛው ክፍል ያ እጅ የአንዲት ቀጭን ልጅ ነበር። ስሟን የሚጠራ የለም። "አልገባኝም" ነበር የምትባለው፤ ማዕረግ ሲጨመርላት ደግሞ "ክብርት አልገባኝም"። ማዕረጉን የሰጠቻት በዕጣ ከእሷ ጋር አንድ ዶርም የደረሳት ልጅ ናት። እሷም ብትሆን በስሟ አትጠራም፤ በመጀመሪያው ቀን ራሷን ስታስተዋውቅ "ከትምህርት ቤታችን አንደኛ ነበርኩ" ስላለች "አንደኛ" ሆና ቀረች። ሙገሳ መስሏት ወደደችው።

አንደኛ ኮሌጅ የገባችው ከታላቅ ወንድሟ የተረከበችውን እምነት ይዛ ነው። ወንድሟ ቀድሟት የተመረቀ፣ ቅዳሜ እንኳ ክራባት የማይለየው ሰው ነው። ሻንጣዋን አውቶቡስ ላይ ጭኖላት ሲያበቃ ጠጋ ብሎ፣ "ስሚ" አላት፤ "ኮሌጅ ውስጥ ማንም ምንም አይገባውም። ቁም ነገሩ አለመግባቱን ሰው እንዳያውቅብሽ ነው። ራስሽን ነቅነቅ እያደረግሽ ተቀመጪ።"

እሷም በሙሉ ልቧ ተቀበለችው። መምህር ሲናገር ነቅነቅ፣ ሲጽፍ ነቅነቅ፣ የጻፈውን ተሳስቶ ሲያጠፋው እንኳ ነቅነቅ። ከኋላ ሆኖ ላያት፣ አንገቷ ላይ የሆነ ነገር የላላ ነው የሚመስለው።

የክብርት አልገባኝም እምነት ደግሞ ገና በአቀባበሉ ዕለት ታወቀ። ዲኑ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ድምፃቸውን ጠርገው፣ "እናንተ የዛሬ ነገ፣ የነገም ትናንት ናችሁ" አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። አንደኛ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። ጭብጨባው ሲበርድ ከመሃል አንድ እጅ ብቅ አለ።

"ይቅርታ፣ አልገባኝም። የነገ ትናንት ዛሬ አይደለም እንዴ?"

ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉት። መልሰው አደረጉት። ከዚያም "መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ" ብለው ከመድረኩ ወረዱ። አንደኛ ከዚህች ልጅ ጋር አንድ ክፍል እንደምታድር ያወቀችው በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ሻንጣዋን እየጎተተች በሩን ስትከፍት ነው።

አብሮ መኖሩ ደግሞ የባሰ ሆነ። ዶርም ውስጥ ቀልድ ተቀልዶ ሁሉ ሲስቅ፣ ክብርት ያልገባት እንደሆነ አትስቅም። "ቆይ፣ ሰውየው ፈረሱን ለምን አልሸጠውም?" ትላለች። ቀልደኛዋ ማስረዳት ትጀምራለች፣ ታስረዳለች፣ አስረድታ ስትጨርስ የሚስቅ አይገኝም። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ፀጉሩን ተቀብቶ ሽቶ ተነስንሶ መጥቶ "ዓይኖችሽ ጥልቅ ናቸው" አላት። "ጥልቅ ሲባል? ወደ ውስጥ ገብተዋል ለማለት ነው ወይስ ሌላ?" አለችው፤ ከልቧ ነው የጠየቀችው። ልጁ ሌላ መንገድ ዞሮ መሄድ ጀመረ፤ ካፌ ሲገባ እንኳ መጀመሪያ በመስኮት ያያል።

ግን የትም ቢሆን የሒሳብ ክፍለ ጊዜን ያህል መከራ አልነበረም። የሒሳቡ መምህር ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ከተማሪው ይልቅ ከሰሌዳው ጋር የሚጨዋወቱ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አንድ ቁጥር ወደ ዜሮ እየተጠጋ ስለመሄዱ አስተማሩና "ይጠጋል፣ ይጠጋል፣ አይደርስም" ብለው ጠመኔውን አስቀመጡ። "ጥያቄ አለ?"

እጅ ወጣ።

"ይቅርታ መምህር፣ አልገባኝም። መጠጋቱን ካላቆመ ለምንድን ነው የማይደርሰው?"

ክፍሉ አቃሰተ። መምህሩ ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ። የመንገዱን ግማሽ ሄደው ቆሙ። የቀረውን ግማሽ ሄደው ቆሙ። ይወጣሉ ብሎ የተማሪው ልብ ተንጠለጠለ። እንደገና የቀረውን ግማሽ። አፍንጫቸው በሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ዞር አሉና፣ "ሁልጊዜ የቀረውን ግማሽ ብቻ የምሄድ ከሆነ መቼ ነው የምወጣው?" አሉ።

"መቼም አይወጡም" አለች ክብርት አልገባኝም፣ ፊቷ በርቶ። "አሁን ገባኝ። አመሰግናለሁ።"

አንደኛ ነቅነቅ አደረገች። በሆዷ ግን፣ "በዚህች ልጅ ምክንያት ሰውየው ራሳቸው ከክፍል መውጣት አቃታቸው" አለች።

በማግስቱ የክፍሉን ተወካይ ገፋፍታ ላከችባት። ተወካዩ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግር የሚወድ ልጅ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አገኛት።

"ክፍሉን ወክዬ ነው የመጣሁት" አላት። "ጥያቄሽን ከክፍል በኋላ ለብቻሽ ብትጠይቂያቸው ምናለበት? ሌላው ሰው እኮ ይገባዋል።"

"እሺ" አለች በትሕትና። "የዛሬውስ ገብቶሃል?"

"ምን ጥያቄ አለው።"

"ጎሽ። እንግዲያው እሳቸውን ከማስቸግር አንተ አስረዳኝ" አለችና ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት።

ተወካዩ ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው። ከዚያ ወዲያ ክፍሉን በብዙ ጉዳይ ወከለ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ተመልሶ አልመጣም።

የመጀመሪያው የሒሳብ ፈተና ተመለሰ። አንደኛ ወረቀቱን አንዴ አየችውና አጣጥፋ፣ አጣጥፋ፣ የክብሪት ቀፎ አሳክላ ጫማዋ ውስጥ ከተተችው። ካገኘቻቸው ጥቂት ነጥቦች አብዛኛው ወደ ዜሮ ከሚጠጋው ቁጥር የመጣ ነው፤ ይህን ግን የራሷ ጉብዝና ነው ብላ አለፈችው። በሴሚስተሩ መጨረሻ ነጥቡ የጎደለ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚሸኝ ታውቃለች። እናቷ ማታ ደወሉ። "ጎረቤቱ ሁሉ እየጠየቀ መውጫ አሳጣኝ። እዚያስ አንደኛ ነሽ አይደል?"

"ውጤቱ ገና አልተለጠፈም እማዬ" አለች። ሲለጠፍ ምን እንደምትል አታውቅም።

ክብርት አልገባኝም ትኩሳት ይዟት የግቢው ክሊኒክ የተኛችው በዚያው ሰሞን ነው። አንደኛ ፎጣዋንና የጥርስ ብሩሿን ይዛላት ሄደች፣ ግንባሯን ዳሰሰች፣ "አይዞሽ" አለቻት። ስትመለስ የዶርሙን ደረጃ እየዘለለች ወጣች ቢባል ሐሜት ይመስላል። ግን ዘለለች።

በመጀመሪያው ቀን፣ ሰኞ፣ "ጥያቄ አለ?" ተባለ፤ የለም፤ ክፍሉ በጊዜ ወጣና ምሳ ሰልፍ ላይ ቀዳሚ ሆነ። ለክፍሉ እንደ በዓል ነበር። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ተማሪዎቹ ለማጥናት ተሰባሰቡ።

"ገብቶሃል?" አለችው አንደኛ ተወካዩን።

"አዎ። አንቺስ?"

"እኔም።"

ሁሉም እየተያየ ነቅነቅ አደረገ። ደብተሩ ተከፍቶ ተቀመጠ፤ የሚጀምር ግን ጠፋ። አንደኛ ያን ጊዜ የራሷን ደብተር ወደ ኋላ ገለጠች። የሚነበብ ነገር የተጻፈበት ቦታ ሁሉ መምህሩ ሁለተኛ ጊዜ ያስረዱት ነው፤ ለዚያች ልጅ ሲሉ የደገሙት። የመጀመሪያው ማብራሪያ ከሰሌዳ የተገለበጠ ምልክት ብቻ ነው፣ ለራሷም የማይነበብ። ሁሉም እየረገማት ሲበላ የኖረው ከእሷ ሳህን ነው። ይህን ስታውቅ አንደኛ የተሰማት ምስጋና አይደለም። ንዴት ነው። ሰው መታመሚያ ጊዜ አይመርጥም እንዴ?

በሚቀጥለው ቀን መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡ። "ጥያቄ አለ?" አሉና ዓይናቸው በልማድ ወደ ባዶው ወንበር ሄደ። ቆዩ። እንደ ሌላው ጊዜ ቦርሳቸውን አላነሡም፤ እንግዳው እንደዘገየበት ሰው ቆመው ጠበቁ።

የአንደኛ ጆሮ ጋለ። ወንድሟ ከነክራባቱ ፊቷ ላይ ድቅን አለ። እጇ ግን ወጣ፤ መጀመሪያ እስከ ትከሻዋ፣ ፀጉር የሚያስተካክል አስመስላ፣ ከዚያ ወደ ላይ።

"አልገባኝም መምህር።"

"የቱ ጋ?"

"ሁሉም።"

"ከየት ጀምሮ?"

"ከሰኞ ጀምሮ" አለች።

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ብቻውን ቀረ። ከዚያ የተዘጋ ቦርሳ ሲከፈት ተሰማ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ብዙ። ተወካዩ ወንበሩን ድምፅ ሳያሰማ ወደ ፊት ሳበ። መምህሩ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አድርገው ሰሌዳውን አጠፉት።

ከትምህርት በኋላ አንደኛ በቀጥታ ክሊኒክ ሄደች። ክብርት ተደግፋ ተቀምጣለች፤ በሚቀጥለው አልጋ እግሯ በጀሶ የታሸገ ሌላ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። አንደኛ ሰላምታውን አሳጥራ ደብተሯን ዘረጋችና እንደ መምህር ማስረዳት ጀመረች። ገና ከመጀመሯ ተቋረጠች።

"ይቅርታ፣ እሱ አልገባኝም።"

አንደኛ ትራሱን አንሥታ የልጅቷን አፍ ልታፍንበት ፈለገች። ደብተሩን አስቀመጠችው። "ቆይ ግን፣ አንቺ ትንሽ እንኳ አታፍሪም?"

"አፍራለሁ እንጂ" አለች ልጅቷ። "እጄን ባወጣሁ ቁጥር። የዲኑ ቀን ማታ እራት አልበላሁም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ሁለተኛ ደረጃን ራሴን እየነቀነቅሁ ነው የጨረስኩት። እንዴት እንዳለፍኩ እስካሁን አልገባኝም።" ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበች። "እዚህ ስመጣ፣ ያልገባኝን ገባኝ አልልም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሌላ ይዤው የመጣሁት ነገር የለም። አንቺ ጎበዝ ስለሆንሽ እንዲህ ያለው አይገባሽም።"

አንደኛ፣ "ቆዳዋ እንደ ጫማ ሶል የደነደነ ነው" ስትላት የከረመችውን ልጅ አየቻት። ከንፈሯ በትኩሳት ተሰነጣጥቋል። ብርድ ልብሱን የያዘው እጇ ቀጭን ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ሲያስቆጣ የከረመ እጅ አይመስልም።

"እኔም ከዚህች መስመር በታች ያለው አልገባኝም" አለች በመጨረሻ፣ በጣቷ እያሳየች።

"እኔ ደግሞ እስከዚያ ድረስም አልደረስኩም" አለች ክብርት፣ በኩራት በሚመስል ድምፅ። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ለበሽተኛዋ ሳል ሆነባት።

አንደኛ ውሃ አቀበለቻት። ደብተሩን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግተው፣ እየተነታረኩ፣ አንዷ ስታርመው ሌላዋ እየሰረዘች፣ መስመሯን ተሻገሩ። ያን ጊዜ ከጎረቤት አልጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የቆየችው ልጅ ድምፅ መጣ።

"እኔስ? እዚህ ሆኜ እኮ ምንም አይታየኝም።"

አንደኛ ተነሥታ ወንበሯን በሁለቱ አልጋዎች መሃል አስቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረች።