አውራ ጣቴን ሳስጎበኝ

በእኛ አገር በሽታ የግል ንብረት አይደለም። አንድ ቀን ታመው ይተኙና ይዩት፤ ቤትዎ በጠያቂ ይሞላል። ብርቱካን ያልያዘ ምክር ይዞ ይመጣል፤ ብርቱካኑ ያልቃል፣ ምክሩ አያልቅም። ሁሉም ሐኪም ነው። እኔ በዚህ እንኳ አልታማም፤ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ይህ ደግሞ ይብሳል።

ባለፈው ክረምት እዚሁ ባሕር ዳር፣ አሳ ልገዛ ወደ ጣና ዳርቻ በነጠላ ጫማ ወርጄ ስንጎራደድ፣ የተጣለ የአምባዛ አሳ እሾህ የግራ እግሬን አውራ ጣት ወጋኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ ጀርሞቹ ንቀውኝ ኖሮ በሁለተኛው ቀን ጣቴ አብጦ የሌላ ሰው ጣት መሰለ። ስኳር አለብኝ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ቁስሉን አጥባ፣ መድኃኒት ሰጥታ በፋሻ ጠቀለለችውና እስከ ሦስት ቀን ማንም እንዳይፈታው፣ ከተባባሰ ጣቱ ሊቆረጥ እንደሚችል ነገረችኝ። እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

በማግሥቱ ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ ሊጠይቁኝ መጡ። ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የሰው ነገር አድማጭ ናቸው፤ የኔ ጥፋት የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ቁስሉ እንዴት እንደሚድን ጠየቁኝ። መምህር እንዲህ ተጠይቆ ዝም ይላል?

ሞኖሳይት የሚባል ነጭ የደም ሴል አለ አልኋቸው። መቅኒ ውስጥ ይወለድና ደም ውስጥ ጥቂት ቀን ይዞራል፤ ሥራ ገና እንዳልተመደበ ምሩቅ መንገድ ለመንገድ ነው። ቁስል ጥሪ ሲያሰማ ግን የደም ሥሩን ግድግዳ ሾልኮ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ይገዝፋል፣ ጠባዩ ይለወጣል፣ ስሙም ማክሮፌጅ ይሆናል። ማክሮፌጅ ጀርም ይውጣል፣ የሞተ ሴል ይጠርጋል፣ የዋጠውን ጀርም ቁራጭ ለሌሎች ተከላካዮች ያሳያል፤ ሲያበቃ ጥገናውን ያስጀምራል። ሐጂ ማክሮፌጆች ሁሉ ከደም የሚመጡ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደስ አለኝ። የለም፣ ጉበትና አንጎል ውስጥ ከእናት ማሕፀን ጀምሮ የሰፈሩ ነባሮችም አሉ አልሁ። ትምህርት ያለ ሠርቶ ማሳያ ጎደሎ ነውና ፋሻውን ፈትቼ መግሉን በእስክሪብቶ አመለከትሁ።

ከዚያ የእድር ሰዎች መጡ፤ ፈታሁ። የሥራ ባልደረቦቼ መጡ፤ ፈታሁ። የባለቤቴ እህት ከደልጊ ድረስ መጥታ ሳታይ ትመለስ? ለእሷም ፈታሁ፤ እሷ ጫን ጫን አድርጋ አየችው። በሦስት ቀን ውስጥ ጣቴ ከጢስ ዓባይ ያላነሰ ጎብኚ አስተናገደ። የሺ፣ ባለቤቴ፣ ተው ብላኝ ነበር፤ ግን እሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ስለ ሴል ምን ታውቃለች?

በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ወደ ውስጥ እግሬ አልፎ ነበር። ከየሺ ጋር ጤና ጣቢያ ሄድሁ፤ ነርሷ ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን አገላብጣ አየችው። ፈራሁ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ። ጣት የሌለው እግሬ ክፍል ሲገባ ታየኝ።

«መምህር፣ ስንት ጊዜ ፈቱት?» አለችኝ።

የሺን አየኋት። እሷ ጣራውን አየች።

«ሰው ለማስረዳት ብዬ ነው» አልሁ።

«እነዚያ ሴሎች ያለ አስተማሪ ነው የሚሠሩት» አለች ነርሷ፣ አዲስ ፋሻ እየፈታች። «እርስዎ ይተኙላቸው።»

መድኃኒት ቀየረችልኝ። የስኳር ሕመምተኛ ማክሮፌጅ ጥገናው ላይ እንደሚዘገይ እኔው ነኝ ክፍል ውስጥ የማስተምረው፤ ቢሆንም ዐሥራ አምስት ቀን ከነርሷ በቀር ማንም ሳያየው፣ እኔም አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ተኛሁ። ጣቴ ተረፈ።

ጠያቂዎቼ እንኳን ማረህ ሊሉ ተሰበሰቡ። ሐጂ ዱዓቸው እንደተሰማ ተናገሩ። የእድሩ ዳኛ ያመጡት ጠበል እንደሠራ መሰከሩ። የባለቤቴ እህት የተሳለችው ስለት እንደሰመረ ነገረችን። ሞኖሳይትን ያነሣ አንድም ሰው የለም። እኔ መምህር ነኝና ላርማቸው አፌን ስከፍት፣ እጄ ሳላዘው ወደ እግሬ ወረደ።

«አንተ ሰው፣» አለች የሺ ቀስ ብላ፣ «ካልሲህን እንዳታወልቅ።»

ዝም አይነቅዝም። አሜን አልሁ፤ ለሦስቱም።